ጭስ የሌለው ድግስ

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዋንዛችንን ሊቆርጧት ነው።

አባዬ ይህን የነገረን ምሳ ላይ፣ አፉ ሞልቶ ሳለ ነው። ክፉ ወሬ ሲኖረው መጀመሪያ ትልቅ ጉርሻ ይጎርሳል፤ ጥያቄ ሲመጣበት የሚያኝከው ነገር እንዲኖረው። እስኪውጥ ጠበቅኩትና ለምን አልኩት። ሌላ ጎረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊታችን ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የማኅበሩ ተራ ደግሞ የእኛ ቤት ነው። ዓርብ ጾም ስለሆነ ድግሱ ሁሉ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና ምስር ነው። እነሱን ሰው ከመብላቱ በፊት እነሱ እንጨት ይበላሉ። ጠላው ገና ሲጠመቅ የእንጨት ክምራችንን ግማሽ ጨርሶታል። የአባዬ ሚኒባስ መለዋወጫ አጥታ ግቢያችን ውስጥ ከቆመች ሰንብታለች፤ አሁን የምትጭነው ዶሮዎቻችንን ብቻ ነው፣ እነሱ ደግሞ ሒሳብ አይከፍሉም። ስለዚህ እንጨት መግዣ የለም። የከሰሉን ዋጋ ማንም አያንሣብኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለን፤ ግን የእኛ ሰፈር መብራት እንደ ሀብታም ዘመድ ናት፣ ድግስ ሲኖር አትመጣም።

እናም አባዬ ከአያ ደምሌ ጋር ተስማማ። አያ ደምሌ እንጨት ፈላጭ ናቸው። በተደወለላቸው ቀን አንድ ጋሪ ደረቅ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ያመጡልናል፤ በምትኩ ዋንዛዋን ቆርጠው ለጣውላ ይወስዷታል።

«ዛፍ እኮ ናት፣ ሰው አይደለችም» አለ አባዬ መጨረሻ ላይ ሲውጥ።

ሰው ብትሆንማ የማኅበሩ አባል ትሆን ነበር። በዚህ ግቢ ከእሷ የበለጠ እንግዳ የተቀበለ ማን አለ? ሚኒባሷ የቆመችው እሷ ሥር ነው። እማዬ ልብስ የምታጥበው እሷ ሥር ነው። ትንሽ ሳለሁ የደብተሬን ልባስ የማጣብቀው በፍሬዋ ነበር። አሁን ደግሞ አበባዋ ነው፤ ግቢው ጠዋት ጠዋት ነጭ ለብሶ ይነጋል፤ ንቦቹ ከቅኔ ተማሪ የባሰ ይንጫጫሉ። በዚያ ላይ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ማልቀስ ሲያምረኝ የማለቅሰው ከግንዷ ጀርባ ነው። ቤት ውስጥ ካለቀስኩ እማዬ በግድግዳ ትሰማለች።

አባዬ ሾፌር ስለሆነ ውርርድ ይወዳል። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው የቀረችው ክምር ሚካኤልን ካሻገረችን ዛፏ ትቆይ አልኩት። ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም፤ እስኪ ትሞክረው አለች። እማዬ ካልሳቀች አባዬ መሳቁን አይጨርስም።

«እሺ። ዓርብ ማታ እንግዳው ሲሸኝ አንዲት እንጨት እንኳ ከተረፈች ዛፏ ያንች ናት። ከዚያ በፊት ካለቀች ለደምሌ እደውላለሁ።»

እጅ ለእጅ ተማታን። ምስክራችን ላማችን ናት፤ እሷም ፊቷን አዞረች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ከሰዓት ትምህርት ቤት እስክሄድ ድረስ ቤታችንን እንደ እንግዳ ሰው ሆኜ አየሁት። ሰው የራሱን ቤት በእንግዳ ዓይን ካየው ያፍራል።

አባዬ። ሻይ ይፈላለታል፤ ሬዲዮ ሲሰማ ይቀዘቅዛል፤ ይሞቅልኝ ይላል፤ ይሞቅለታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዜናው ያልቅና ስለ ዜናው የሚከራከር ሰው ፍለጋ ከቤት ይወጣል። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠዋቱን ሙሉ እሳት ላይ ይመላለሳል። ዛሬ ፔርሙዝ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። እንደ በሽተኛ አደረግሽኝ አለ።

እማዬ። እሳቱን ካቀጣጠለች በኋላ ነው ሽንኩርት የለም የምትለው። ሽንኩርት ፍለጋ እትዬ አበበች ቤት ትሄዳለች፤ እትዬ አበበች ጎረቤታችን ናቸው፣ ከሳቸው ቤት ደግሞ ማንም ሰው ወሬ ሳይዝ አይወጣም። እሳቱ ያለ ድስት ብቻውን ሲነድ ይቆያል። አዲስ ሕግ አወጣሁ፤ ሁሉም ነገር ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተለክቶ ሳያልቅ ክብሪት አይጫርም። ክብሪቱን ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። እማዬ «አንች ማን ሆንሽ» አለችኝ፤ ግን ሽንኩርቱን ቀድማ ከተፈች።

የአባዬ መታጠቢያ ውኃ። ጀሪካኑን ሚኒባሷ ጣራ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። ለብ አለ። አባዬ ለብ ያለ ውኃ ለሕፃን ነው አለ። ታጠበበት።

እኔ። አባዬ ስልኬን ቻርጅ ላይ ረስቼ ትምህርት ቤት እንደምሄድ፣ በዚያ ላይ የክፍሌን አምፖል እንደማላጠፋ ለሰፈሩ ሁሉ አስታወቀ። እውነቱን ነው። ጻፍኩት እንግዲህ።

ይህ ሁሉ ግን ፍርፋሪ ነው። ክምሯን የሚበላት ባቄላው ነው። ዛሬ ከሰዓት ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህራችን ስለ ሙቀት ሲያስተምር አንድ ነገር አለ፤ ፔርሙዝ ሻይን አያሞቀውም፣ ሙቀቱ እንዳይሄድ ይዞ ያቆየዋል እንጂ። ታዲያ ድስት ለምን ፔርሙዝ አይኖረውም? አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱ የሚሠራው ድስቱ የሚያባክነውን መተካት ብቻ ከሆነ፣ እንዳያባክን ብንጠቀልለውስ?

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከገበያ የቲማቲም ሳጥን ለመንኩ። የላሟን ጭድ ጠቀጠቅኩበት፤ መሐሉን እንደ ዶሮ ጎጆ አጎደጎድኩት፤ ላዩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ደፈንኩት። እማዬ አይታ ማን ሊወልድበት ነው አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ውርደት።

ጠዋት፣ ሌሊቱን ተነክሮ ያደረ ባቄላ አስፈላሁ። በደንብ ሲንፈቀፈቅ ድስቱን ከእነክዳኑ ጭዱ ውስጥ ቀብሬ፣ እስክመለስ ማንም እንዳይከፍተው ብዬ ለምኜ፣ አስምዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ባቄላው ቀዝቅዟል፤ ቆዳው ተሸብሽቧል፤ ውስጡ ድንጋይ ነው።

ምርመራ ጀመርኩ። እማዬ የከፈተችው ሽታው እንዳይለወጥ ብላ ነው፤ ደጋግማ። አባዬ አልከፈትኩም፣ ጠርዙን ብቻ ነው ከፍ ያደረግኩት አለ፤ ጠርዙን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ ቀምሷል፤ ማንኪያው ሳጥኑ ውስጥ ተገኝቷል። ሦስተኛው ወንጀለኛ አያቴ ናቸው። የእማዬ አባት፣ የቅኔ መምህር፣ ማንኩሳ አጠገብ ገጠር የሚኖሩ፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኛም እንደ አገሩ። ለሚካኤል ብለው ዛሬ መጡ። ከባጃጅ ወርደው፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ሳጥኑን አዩት፤ ድመት የወለደች መስሏቸው ከፈቱት።

«ታዲያ ባቄላ መሆኑን ሲያዩ ለምን አልዘጉትም?» አልኳቸው።

ባቄላ ጭድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እያሰላሰሉ ቆዩ። መልስ ሳያገኙ መዝጋት ልማዳቸው አይደለም።

እራት ላይ አባዬ አንዷን ባቄላ ጥርሱ መሐል ይዞ ቆየና ይህች ገና ማንኩሳም አልደረሰች አለ። ለእሱ መንገድ ማለት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ነው፤ ነገር ሁሉ ጀምሮ ካልጨረሰ መሐል ላይ ማንኩሳ ቀርቷል ማለት ነው። ሁሉም ሳቁብኝ። ባቄላው እንደገና እሳት ላይ ወጣ፤ ክምሯ ስትቀንስ በዓይኔ አየሁ።

ሦስት ትልልቅ ሰዎች። አንድ ክዳን መተው አቃታቸው። እኛን ስልካችሁን መተው አቃታችሁ ይላሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ድል! ግን ኃጢአት ሳይሆን አይቀርም።

ሌሊቱን አሰብኩበት። በዚህ ቤት እኔን የሚፈራ የለም። እማዬን አባዬ ይፈራታል፤ እሷ ግን ራሷ ከፋች ናት። ሁሉም እኩል የሚፈሩት ምንድን ነው? የየኔታ ዳዊት።

ሽምብራውን አፍልቼ ቀበርኩ፤ ብርድ ልብሱን ደፈንኩ፤ ከላይ በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለውን የብራና ዳዊታቸውን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩበት። ሄድኩ። እማዬ እንደነገረችኝ ከሆነ አባዬ ማንኪያ ይዞ መጥቶ፣ ቆሞ አይቶ፣ አማትቦ ተመልሷል።

ስመለስ የኔታ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል።

«ዳዊቴን የሽምብራ ዘበኛ አደረግሽው?»

«ሌላ የሚፈሩት ነገር አጥቼ ነው፣ የኔታ።»

ጺማቸውን ያዙ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁት። ይስቃሉ። በዕድሜዬ ዳዊትን ስንት ነገር ላይ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ፣ በሽተኛ ራስጌ፣ ሕፃን ትራስ ሥር፤ ለንፍሮ ግን የመጀመሪያዋ ነሽ አሉ። ከዚያ ለጸሎት ሲፈልጉት እንደሚያነሡት አስጠንቅቀው ፈቀዱልኝ።

ተከፈተ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ሽምብራው በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። የኔታ ጥርስ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ከበሉት ማስረጃ አያስፈልግም። በሉት፤ ደገሙ።

አባዬም አንዲት ሽምብራ በጣቱ አፈረሰ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ በሚያውቀው ቋንቋ ገባው።

«በፍሪ እኮ ነው! ዳገቱን በማርሽ አወጣሽው፤ ቁልቁለቱን ሞተሩ ጠፍቶ በፍሪ ወረደ።»

እማዬ እሱ ቁልቁለት በፍሪ ሲወርድ እሷ ስንት ስእለት እንደተሳለች አስታወሰችው። እሱ ግን አልሰማትም፤ ምስሩም በፍሪ፣ ቦሎቄውም በፍሪ እያለ ማድ ቤቱን ይዞራል። ከዛሬ ጀምሮ የሳጥኑ ፈልሳፊ እሱ ነው። ይሁንለት። ዛፏ ትቆይ እንጂ የፈለገውን ይሁን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትንሽ ነው የምጽፈው፤ እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ዛሬ የድግሱ እንጀራ ተጋገረ፤ እኔም ለሥራው ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እማዬና እትዬ አበበች ተነጋገሩና በአንድ ምጣድ፣ በአንድ እሳት ተከታትለው ጋገሩ፤ የጋለ ምጣድ ሳይበርድ ሌላው ሊጥ ገባ። ድሮ እያንዳንዳቸው ቀዝቃዛ ምጣድ ከዜሮ ያግሉ ነበር። ያተረፍነው እንጨት ግልጽ ነው፤ ያተረፍነው ወሬ ግን ይበልጣል።

ወሬው ስለ እኛ መሆኑ ነው ክፋቱ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የአያ ካሴ ሚስት አስቁማት በትሕትና ጤናችንን ጠየቀች። አያ ካሴ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩ። «ምነው እንዲያው፣ ጭስ አጣንባችሁ» አለቻት። ድግስ ያለበት ቤት በጭሱ ነው የሚታወቀው፤ ባለፈው ወር የደገሱት ሰዎች ጭስ ከአስፋልቱ ማዶ ይታይ ነበር። የእኛ ማድ ቤት ግን እንደ ገዳም ዝም ብሏል። ሰፈሩ እነዚህ ሰዎች ምን ሊያበሉን ነው እያለ ነው።

ከሰዓት አያ ካሴ ራሳቸው በአጋጣሚ መጡ። በአጋጣሚ ማድ ቤቱን አዩ፣ በአጋጣሚ ክምሯን አዩ። ውኃውስ የታሸገ ነው አይደል ብለው ጠየቁ፤ ባለፈው ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበርና። እማዬ ውኃችን በእንስራ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ብርጭቆ ሞልቶናል፣ ግቢያችንም የጠርሙስ መጣያ አይሆንም አለች። አያ ካሴ ከቦይ የምናጠጣቸው ያህል አዩን።

እሳቸው ሲወጡ እማዬ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ደግማ አጠበች። እኔ ለዛፍ ስል እናቴን በማኅበሯ ፊት ባዋርዳትስ? አባዬ ስልኩን እያገላበጠ ነው። ክምሯ ከጉልበቴ በታች ናት። ሳጥኑ ካልከዳኝ ትበቃለች።

ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ቦሎቄው ተነክሯል። ሳጥኑ ዝግጁ ነው። ዳዊቱ ላዩ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሳጥኑ ተቃጠለ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ኅዳር ሲታጠን የማያውቅ የለም። ዛሬ ጠዋት ከተማው ሁሉ ጓዳውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ሲያቃጥል በሽታ ይወጣል ይባላል፤ እኔ ግን ዓይኔ ነው የሚወጣው። ስነቃ ክፍሌ ድረስ ጭስ ገብቷል። የጎረቤት ነው ብዬ ተገላበጥኩ።

የጎረቤት አልነበረም። የኔታ ከሁላችን ቀድመው ተነሥተዋል። ዳዊታቸውን ለጸሎት አንሥተዋል፤ እንዳስጠነቀቁኝ። ዳዊቱ ከላዩ የተነሣ ሳጥን በንጋት ድንግዝግዝ ሲያዩት ምንድን ነው? የተሰባበረ ጣውላ፣ ጭድ፣ የብርድ ልብስ ቡትቶ። የአይጥ ቤት። ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ግቢውን ጠረጉ፤ ሳጥኑን ጥራጊው ላይ ጫኑ፤ እማዬ ለሌላ ጊዜ ብላ ስንት ዘመን ያጠራቀመችውን የፌስታል ክምችት ጨመሩበት፤ ለኮሱት። እኔ ስወጣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ መልካም ሥራ የሠራ ሰው ፊት ይዘው እሳቱን ያያሉ።

«ግቢያችሁን አጸዳሁላችሁ» አሉኝ።

«የኔታ፣ ሳጥኑስ?»

«የቱ ሳጥን?»

ከዚያ ራሳቸው እሳቱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። በመቋሚያቸው እሳቱን ቆሰቆሱት፤ የቀረ ነገር አልነበረም።

አባዬ መጣ፤ አየ፤ አልተቆጣም። ይህ ነው የከፋው። ክምሯ ላይ የቀረውን አየ፤ አንድ እቅፍ ተኩል የሚሆን ፍልጥና ከአምና ጀምሮ ማንም ሊፈልጠው ያልቻለ አንድ ጠማማ ጉማጅ። በዚህ እንጨት ሦስቱን ድስት እስኪበስሉ እሳት ላይ ማቆየት እንደማይቻል ያውቃል። እንግዳ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቅዳሴ ይመጣል። ስልኩን አወጣና ለአያ ደምሌ ደወለ።

ጠራ። አልተነሣም። ደገመ፤ አልተነሣም። አያ ደምሌም ሚካኤል ናቸዋ፤ ቅዳሴ ላይ ስልክ ማን ያነሣል።

እኔ ከዋንዛዋ ጀርባ ሄድኩ። እዚያ የምሄድበትን ጽፌዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። የኔታ ግንዱን ተደግፈው፣ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ አጠገቤ ተቀመጡ። አበባ ቆባቸው ላይ ወደቀ።

«ያ ያቃጠልኩብሽ ነገር ውስጡ ምን ነበረ?»

«ጭድ።»

«ጭድ ብቻ?»

«ጭድና ቡትቶ።»

መቋሚያቸውን አነሡና ወደ በረቱ ጠቆሙ፤ ለላማችን ለበጋ የተከመረው ጭድ ከእኔ ቁመት በላይ ነው።

«እና ያኛው ምንድን ነው?»

ዓይኔን ሳልጠርግ ሮጥኩ።

እማዬ አንድ እሳት ብቻ አነደደች። ባቄላው ፈላ፣ ወረደ፤ ሽምብራው ተተካ፣ ፈላ፣ ወረደ፤ ከዚያ ቦሎቄው። ምስሩ ቶሎ ስለሚደርስ መጨረሻ ላይ በተረፈው ፍም ተሠራ። እትዬ አበበች የድስቶቹን ክዳን በሊጥ ለሰኑልኝ። አባዬ በአካፋ የጭዱን ክምር ጎን ፈለፈለ፤ ድስቶቹን አንድ በአንድ አስገብተን ቀበርናቸው። መጠቅለያ አነሰን። የኔታ ቤት ገብተው ነጭ ጋቢያቸውን ይዘው ወጡ። ያን ጋቢ እማዬ እንኳ ስታጥበው እየፈራች ነው።

«እኔ ነኝ ያራቆትኩት፣ እኔ ላልብሰው» አሉና ባቄላውን አለበሱት።

አሁን አዲስ ችግር መጣ። ላሟ። ጭዱ የእሷ ነው፤ ትኩስ ትኩስ ሲሸታት ልትመረምር መጣች። አሰርናት፤ ገመዷን ፈታች። በመጨረሻ የኔታ በርጩማ አስወጥተው ጭዱ ፊት ተቀመጡ። አያ ካሴ ከሁሉ ቀድመው፣ ነገሩን ለማጣራት ነው መቼም፣ በበሩ ሲገቡ ያገኙት ይህንን ነው፤ በሁለት ወረዳ የተከበሩ የቅኔ መምህር፣ ጋቢ ሳይለብሱ፣ መቋሚያ አቀባብለው ከላም ጋር ተፋጠዋል።

«የኔታ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አሏቸው።

«ባቄላ።»

አያ ካሴ ጫማቸውን እያዩ ወደ ቤት ገቡ።

ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። እማዬ ወደ እኔ አየች። አባዬና እኔ ወጣን። ስንቆፍር የምገፋው ጭድ ሁሉ ቀዝቃዛ መሰለኝ። ከዚያ ጋቢውን ነካሁት። ትኩስ ነው። ሊጡን ሰበርነው፤ እንፋሎቱ ወጣ፤ ባቄላውን በጣቴ ተጫንኩት። ፈረሰ። አባዬም ተጫነ። ቀና ሲል ቡሬ ደረሰች አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተሰባበረ፤ በጭሱ ነው አለ። ጭስ አልነበረም።

ንፍሮው ቀረበ፤ የቦሎቄው ወጥም ቀረበ። አያ ካሴ ከሳህናቸው አንዲት የጭድ ሰበዝ አወጡ፤ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ሰበዟን አስቀምጠው መብላት ቀጠሉ። ሲጠግቡ ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሠራ ጭሱ የት ገባ አሉ። የኔታ ከክብር ቦታቸው ሆነው፣ ዛሬ ከተማው ሁሉ አጭሶልናል፣ እኛ ምን ቸገረን አሉ። ሳቅ ሆነ። እማዬ ከእሑድ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች። የእንስራው ውኃም አለቀ፤ አያ ካሴ ራሳቸው ደገሙ።

ሲወጡ በር ላይ ጠጋ አሉኝ። የሚቀጥለው ተራ የእሳቸው ነው።

«እንዲያው አንድ ወዳጄ ቢጠይቅ ብዬ ነው፤ ጭዱ የጤፍ ነው የስንዴ?»

የጤፍ ነው አልኳቸው። ወዳጃቸውን ሰላም እንዲሉልኝም ጨመርኩ።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ሁላችንም ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆምን። ፍልጡ አልቋል። ያ ጠማማ ጉማጅ ብቻ ቀርቷል። አባዬ ይህማ ከመጀመሪያውም ስለማይነድ አይቆጠርም አለ። እኔ ይቆጠራል አልኩ። ዳኛ የኔታ ሆኑ።

«ይህ ምንድን ነው?» ብለው አባዬን ጠየቁት።

«ጉማጅ ነው፣ የኔታ።»

«ከምን የተሠራ?»

አባዬ ጉማጁን በእግሩ ገፋ አደረገው። ከዚያ ከእንጨት አለ።

«እንግዲያስ ተርፏል» አሉና ጋቢያቸውን አራግፈው ገቡ። ጋቢው ባቄላ ባቄላ ይሸታል። ማንም እንዳያጥበው ብለዋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አርፍጄ ተነሣሁ። ግቢ ውስጥ የጋሪ ድምፅ።

አያ ደምሌ! ትናንት ማታ ስልካቸውን ሲያዩ የአባዬን ጥሪ አገኙ፤ መልሰው መደወል ሳያስፈልጋቸው ገባቸው፤ ፍልጡን ጭነው፣ ምሳራቸውን ይዘው በጠዋት መጡ። ትከሻቸውን እያሟሟቁ ዋንዛዋን ከታች ወደ ላይ ያዩዋታል። እኔ በባዶ እግሬ ግንዱ ላይ ተለጠፍኩ።

አባዬ ከቤት ወጣ። እኔን አየ፤ ምሳሩን አየ። ጉርሻ አልነበረውም፤ ስለዚህ ወዲያው መናገር ነበረበት። ሰውን ያለ ሥራ ማመላለስ ነውር ነውና ይቅርታ ጠየቀ፤ ውርርድ ተበልቻለሁ አለ። ዳኛው ማን ነበር ሲባል የኔታን ጠቀሰ። አያ ደምሌ የመጡበትን መንገድ አዩ፤ በቅሏቸውን አዩ፤ ደስ አላላቸውም። እማዬ ባዶ ሆድ ሰው ከዚህ ግቢ አይወጣም ብላ ከትናንቱ የተረፈውን ንፍሮና እንጀራ አቀረበችላቸው።

ፀሐዩ ስለበረታ የተቀመጡት ዋንዛዋ ሥር ነው። ምሳራቸውን ግንዷ ላይ አስደገፉና በሉ። አበባ ሳህናቸው ውስጥ ይወድቃል፤ በጣታቸው እያነሡ ያስቀምጡታል። ቀና ብለው ጥላዋን አዩ፤ ይህችስ ብትቆይ ይሻላል፣ ጣውላዋ ገና ቀጭን ነው አሉ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከእንጨት ፈላጭ አይጠበቅም። ከዚያ ግን ሲነሡ ለአባዬ፣ ለፋሲካ በግና ዶሮ ሲመጣ ጭድ አያበስለውም፣ ያን ጊዜ ደውልልኝ አሉ።

አባዬ እናያለን አለ። አይሆንም አላለም። እናያለን።

ፋሲካ ሩቅ ነው። ሚኒባሷም እስከዚያ ትነሣ ይሆናል። አዲስ ሳጥን ያስፈልጋል፤ ትልቅ፣ ክዳን ያለው፣ «አይቃጠልም» ተብሎ በግዕዝ የተጻፈበት። የኔታ እኔ እጽፈዋለሁ ብለዋል። የበግ ወጥ በጭድ ይበስል እንደሆነ አላውቅም። መምህሬን እጠይቀዋለሁ።

አያ ደምሌ ጋሪያቸውን ከነፍልጡ ነድተው ሲሄዱ ምሳራቸውን ረሱት። አባዬ ምሳሩን ሲያጣው ቤቱን ሁሉ ፈለገ፤ አያ ደምሌ ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ እያለ ነው። እመልስላቸዋለሁ፤ ሌባ አይደለሁም። ለጊዜው ግን ጭዱ ውስጥ፣ ባቄላው በነበረበት ጉድጓድ ቀብሬዋለሁ።

ትንሽ ይለሰልስ።